ስለ ራስ መመስከር፤ ለሥራ ልምምድ የሚቀርብ የሕይወት ታሪክ



በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ከአንድ ገጽ ወረቀት የማይበልጥ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቤት የወላጅንም የልጅንም እንቅልፍ የሚነሣ ሆኖ ተገኝቷል። በፋርጣ ገጠር የሚኖሩ አንድ አባት ስለዚሁ ጽፈውልናል። ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ትማራለች። ለሥራ ልምምድ የምትወጣበት ጊዜ ስለ ደረሰ ሲቪ የሚባል ወረቀት ጽፋ እንድታቀርብ ታዝዛለች። እርስዋ ግን «ሥራ ይዤ አላውቅምና የምጽፈው የለኝም» ብላ ባዶውን ወረቀት ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። አባትየው በበኩላቸው «እኛ ያልተማርን ሰዎች ምን ልንረዳት እንችላለን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የእኚህ አባት ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሁላችሁም በዚህ ዓምድ ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ሲቪ «ካሪኩለም ቪቴ» ከሚለው የላቲን ሐረግ የሁለቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ የተሰየመ ሲሆን፣ ትርጓሜው «የሕይወት ሩጫ» እንደ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤታችን «የሕይወት ታሪክ» ይሉታል። ይህ ስያሜ ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሕይወት ታሪክ ሲባል ከልደት አንሥቶ ያለው ሁሉ እንደ ዜና መዋዕል ዓመት በዓመት የሚተረክበት ይመስላቸዋልና። አይደለም። ወረቀቱ፣ የማያውቀን አንድ ሰው ሥራ በዝቶበት በተቀመጠበት ሰዓት፣ ምን እንደ ተማርን፣ ምን እንደ ሠራንና ይህንንም ማን እንደሚያውቅልን በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንብቦ እንዲረዳ የሚጻፍ አጭር መግለጫ ነው።

የሥራ ልምምድም ከመቀጠር የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የምህንድስና ተማሪ በትምህርቱ መካከል አንድ መንፈቅ ያህል ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ግንባታ ቦታ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ይወጣል፤ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ «የትብብር ሥልጠና» በሚባለው ሥርዓት ከባለሙያ ጎን ሆኖ ይሠራል፤ የሌሎች ክፍሎች ተማሪዎችም እንደየትምህርታቸው ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሄዳሉ። ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይሰጣቸዋል። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ለሁሉም አንድ ዐይነት ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ድርጅት ሃያ ደብዳቤ ቢቀርብለት አንዱን ከሌላው በምን ይለየዋል? እንግዲህ ሲቪ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩም ከተለማማጅ ሙሉ ሙያ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የጀመረውን የሚፈጽም፣ ሲያሳዩት የሚቀበል ሰው ነው። ይህን የዘነጋ ወጣት ወይ የሌለውን ልምድ ፈጥሮ ይጽፋል፣ ወይ እንደዚህች ልጃችን ባዶ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል።

በየከተማው በየኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱ አንድ የተዘጋጀ ቅጂ አለ። ተማሪው ስሙን ይናገራል፤ ጸሐፊው የቀድሞውን ስም ሰርዞ አዲሱን ይተካል፤ ሂሳብ ይከፈላል። በዚህ ዐይነት አንዱ ተማሪ ከሌላው የሚለየው በስሙ ብቻ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም የቀድሞው ሰው ስልክ ቁጥር ሳይሰረዝ ይቀርና ድርጅቱ ሲደውል የሚያነሣው የማያውቁት ሰው ነው። በቅጂው ላይ የማይጠፉት ቃላት «ታታሪ፣ ትጉህ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም» የሚሉት ናቸው። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ እየተለመደ መጥቷል። መሣሪያው ፊደል በማረምና ሰዋስው በማቃናት ይረዳ ይሆናል፤ ስለ ልጁ ምንም ካልተነገረው ግን እነዚህኑ ቃላት አሳምሮ ይደረድራል እንጂ ልጁ ያደረገውን ከየት ያመጣዋል?

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። አገራችን ደቡብ ጎንደር የምስክር አገር ናት፤ የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አባ በዚሁ ምድር ይገኛሉ። ከሩቅ አገር አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ ተማሪ በመምህሩ ፊት ሲቆም የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ከየት መጣህ? ማን አስተማረህ? የት ደረስህ? እርሱም አገሩን፣ የመምህሩን ስምና የደረሰበትን ይናገራል። ወዲያውም ከዚያው ከደረስሁበት ካለው ስፍራ «እስቲ በል» ይባላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች «የኔታ፣ እኔ ታታሪ፣ ትጉህና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ቢገኝ ጉባኤው በሳቅ በፈረሰ ነበር። ታታሪነቱን የሚናገርለት መምህሩ ነው፤ እርሱ የሚናገረው የተማረውንና የደረሰበትን ብቻ ነው።

ሲቪም የእነዚሁ የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ቃለ መጠይቅ ደግሞ «እስቲ በል» የሚባልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍር እያንዳንዱ መሥመር፣ ጠያቂው ጣቱን አሳርፎ «ይህን እስቲ ንገረኝ» ቢል፣ ያለ ድንጋጤ ሊነገርና ሊታይ የሚችል መሆን ይገባዋል።

የተሠራ ሥራ ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከደብረ ታቦር ብዙ መራቅ አያሻም፤ ጋፋት አጠገባችን ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሰዎችን በጋፋት አስፍረው ነበር። ከእነርሱ የሚበዙት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም ለስብከት የመጡ ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ኪንዝለን ይገኙባቸዋል። ሞሪትዝ ሆል የተባለው ፖላንዳዊና ቡርጎ የተባለው ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ከእነርሱ ጋር ይሠሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ሰዎቹ ይህን ሙያ አናውቅም ብለው ነበር፤ ንጉሡ ግን ሞክሩ ከማለት አልተመለሱም። እየሞከሩና እየከሸፈባቸው በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

በዚያው በጋፋት የኢትዮጵያ ወጣቶች ማንበብና መጻፍን ከእጅ ሥራ ጋር ይማሩ ነበር። ዛሬ የሥራ ልምምድ የምንለው ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም ማለት ነው። ከሰል ሲከሰል፣ ወናፍ ሲነፋ፣ ማዕድን ሲቀልጥ የብዙ የአገር ልጅ እጅ በሥራው ውስጥ ነበረበት፤ መድፉንም በ1860 ዓ.ም. በገደልና በሸለቆ መንገድ እየጠረገ እስከ መቅደላ ድረስ የጎተተው የአገር ሰው ነው። ዛሬ የዋልድማየርን ስምና ሥራ የምናውቀው የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ጽፎ በ1886 እ.ኤ.አ. ስላሳተመ ነው። ስለ ጋፋት ወጣቶች ግን፣ እገሌ የእገሌ ልጅ ይህን ቀረጸ፣ ይህን አቀለጠ ብሎ ስማቸውን ከሥራቸው ጋር በዚያ ዐይነት የነገረን የለም። ሥራቸው አንሶ አይደለም፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። አሁን በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙ በጋፋት ስም ይጠራል። በዚህ ስም በሚጠራ ግቢ ተምሮ «የምጽፈው የለኝም» የሚል ተማሪ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ወጣቶች ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። በጉና ተራራ ሥር ያደገች የገበሬ ልጅ፣ የዕፅዋት ሳይንስ ተምራ ስለ ዕፅዋት የምጽፈው የለኝም ማለቷ እጅግ ያስደንቃል። ነገሩ የሚመጣው ሥራ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ብቻ ነው ከሚለው አሳብ ነው። ለመሆኑ በክረምት ድንቹን ማን ተከለው? ማን ኮተኮተው? ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ማን ለየው? ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ ለግብርና ባለሙያው ማን ሄዶ ነገረ? አባትየው «ምን ልንረዳት እንችላለን?» ብለዋል፤ የሚረዷት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ አባት፣ እናትና ልጅ አብረው ይቀመጡ፤ ልጅቷ ወረቀትና እርሳስ ትያዝ፤ ወላጆች ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በእጇ የሠራችውን፣ ኃላፊነት ተሰጥቷት የተወጣችውን እየጠቀሱ ያስታውሷት። ልጅ የለመደውን ሥራ ሥራ ብሎ አይቆጥረውም፤ ያሠራው ወላጅ ግን ያስታውሰዋል። በዚያች ማታ የሚሰበሰበው ሁሉ አይጻፍም፤ ከእርሱ ውስጥ ለሚፈለገው ቦታ የሚስማማው ይመረጣል።

አጻጻፉም እንዲህ ሊሆን ይችላል። «በግብርና ሥራ ልምድ አለኝ» ከማለት ይልቅ፣ «ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በቤተሰቤ ማሳ ላይ በድንች ተከላ፣ በኩትኳቶና በቁፋሮ ሠርቻለሁ፤ ለዘር የሚሆነውን ድንች መርጬ በብርሃን ማከማቻ አስቀምጫለሁ» ትበል። «የምርምር ችሎታ አለኝ» ከማለት ይልቅ፣ «በሦስተኛ ዓመት ከአራት ተማሪዎች ጋር ስለ ስንዴ ዋግ ጥናት አቅርበናል፤ የእኔ ድርሻ በማሳ ላይ መረጃ መሰብሰብና በሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነበር» ትበል። «ከሰው ጋር መግባባት እችላለሁ» ከማለት ይልቅ፣ «በሰንበት ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት 30 ሕፃናትን ፊደል አስተምሬአለሁ» ትበል። በእነዚህ መሥመሮች ውስጥ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚሉት ተመልሰዋል። በተለይ «የእኔ ድርሻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በቡድን የተሠራን ሥራ ሁሉን እንደ ሠራ አድርጎ የሚጽፍ አለ፤ ከአምስት ጓደኛሞች ሦስቱ በአንድ ድርጅት በር ላይ ሲገናኙና ሦስቱም ያንኑ ጥናት «እኔ ሠራሁት» ብለው ሲያቀርቡ አንባቢው ማንን ይመን?

ሌሎችንም እንመልከት። የሂሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነ ወጣት የሰፈሩን ዕድር ወይም የሰንበቴውን መዝገብ ለአንድ ዓመት ይዞ እንደ ሆነ፣ ይህ ከብዙ የክፍል ሥራ ይበልጣል፤ የስንት አባላት መዋጮ እንደ መዘገበ፣ በየስንት ጊዜው ለጉባኤው ሂሳብ እንዳቀረበ ይጻፍ። የሰው ገንዘብ በእጁ አልፎ ሂሳቡ የተስተካከለለት መሆኑን የሚመሰክርለት ሰብሳቢም አለው። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ በአጎቱ ወፍጮ ቤት በዕረፍት ጊዜው ቀበቶ መቀየርና ድንጋይ ማስላት ተምሮ እንደ ሆነ ይህን ይጻፍ። ወፍጮ ቤት መሥራቱን የሚያፍርበት ተማሪ ብዙ ነው። የወርክሾፕ ኃላፊ ግን እጁ ቅባት ነክቶ የሚያውቅ ልጅ እንደሚፈልግ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ወረቀቱ ለማን ይጻፋል የሚለው ነው። ስመ ጥሩው ጣልያናዊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ የሚላኖ ገዥ ለነበረው ለሎዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ እንዲሰጠው የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ የሲቪዎች ሁሉ ጥንት እርሱ ነው የሚሉም አሉ። ዓለም ዛሬ ሊዮናርዶን የሚያውቀው በሥዕሉ ነው። በዚያ ደብዳቤ ግን አስቀድሞ በተራ ቁጥር የዘረዘረው የሚጓጓዝ ድልድይ፣ መድፍና ልዩ ልዩ የጦር መሣሪያ ለመሥራት መቻሉን ሲሆን፣ ሥዕሉን የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። ሚላኖ በዚያን ዘመን ጦርነት የማይለያት ስለ ነበረች፣ ገዥዋ አስቀድሞ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ሊዮናርዶ ዐውቋል። የእኛም ልጅ ወደ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ብታመለክት፣ ድንች ከሚመራመርባቸው ሰብሎች አንዱ ነውና የድንቹን መሥመር ከላይ ታድርገው። ወረታ ወደሚገኘው ወደ ፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ብታመለክት ግን ያው ወረቀት ሳይለወጥ አይሄድም፤ ሩዝ በደጋ አይበቅልምና በማሳ ላይ የተማረችውን መረጃ አሰባሰብ ታስቀድም፤ ስለ ሩዝ በክፍል የተማረችውንም ትጥቀስ፤ «በሩዝ ማሳ ላይ ሠርቼ አላውቅም፤ ለመማር እፈልጋለሁ» ብላ ብትጽፍም አያሳፍራትም። በፎገራ ሜዳ ያደገ የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ ሲዘራና ሲያርም የኖረ እንደ ሆነ፣ የእርሱ ወረቀት ከዚያ ይጀምራል። አንዱን ወረቀት አባዝቶ ለዐሥር ድርጅት መበተን ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ዐሥሩም ሳይመልሱ ሲቀሩ ግን ጊዜው የት እንደ ሄደ ይታወቃል።

ስለ እውነተኛነት አጠር አድርጌ ልናገር፤ የዚህ መጽሔት አንባብያን ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልጋቸውምና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልንም ያስቀጣል፤ «የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላስጽፍልህ» የሚል ዘመድ ሲመጣ ይህ ይታወስ። ከዚያ የሚያንሰው፣ ነገር ግን ይበልጥ የተለመደው ውሸት በችሎታ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ነው። አንድ ጊዜ የተከፈተለትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁሉ «በሚገባ ዐውቃለሁ» ብሎ የሚደረድር ተማሪ አለ። ይልቅስ ይለየው፤ «በኤክሴል ሂሳብ መሥራትና ሠንጠረዥ ማዘጋጀት እችላለሁ፤ አውቶካድ በአንድ መንፈቅ ኮርስ ጀምሬአለሁ» ይበል። የጋፋት ሰዎች በንጉሠ ነገሥት ፊት «አናውቅም» ካሉ በኋላ እየሞከሩ ተምረዋል። ተለማማጅ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ጀምሬአለሁ፣ አልጨረስሁም» ለማለት ሊፈራ አይገባውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በክልላችን ያሉ ልጆች ሁሉ የሚጨነቁበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በዓመታት መካከል የሚታየው ክፍተት ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት እስከ ጋይንት ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱ ያልተቋረጠበት ልጅ ጥቂት ነው። አንዳንዶች ክፍተቱን ለመሸፈን ዓመት ያዛውራሉ። ይህ የማያስፈልግ ነው፤ የትምህርት ማስረጃው እውነተኛውን ዓመት ስለሚያሳይ ያጋልጣልም። ልጁ አላጠፋም፤ ምን ያሳፍረዋል? በግማሽ መሥመር «ትምህርት በመቋረጡ ከዚህ እስከዚህ ወር በቤት ቆይቻለሁ» ብሎ፣ በዚያ ጊዜ ያደረገው ነገር ካለ ያክልበት። ታናናሾቹን ያስጠና፣ በቤተሰቡ ሱቅ የሸጠ፣ ተፈናቅለው ለመጡ ሰዎች ርዳታ ሲታደል የመዘገበ ልጅ፣ ያንን ዓመት ባዶ ማለት የለበትም። ይህን ያላደረገና በሐዘን የተቀመጠ ልጅ ቢኖርም ምክንያቱን ጽፎ ይለፈው፤ ከዚያ በላይ ማብራራት አይጠበቅበትም።

ቀጥሎ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወረቀት የሚያስመልሱ እነርሱ ናቸው። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ እንደ ተጻፈ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም በሦስት ዐይነት ሆሄ ስለሚጻፍ፣ በመታወቂያው አንድ ዐይነት፣ በማስረጃው ሌላ፣ በሲቪው ሦስተኛ ሆኖ የሚቸገር ብዙ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ይለይ፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ወረቀት ላይ የእኛን ዓመት እንዳለ የሚያሰፍር ተማሪ በአንባቢው ዓይን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ፊደል፣ ቀለም የበዛበት ክፈፍ፣ በልጅነት የወጣ የቀልድ ስም ያለበት የኢሜይል አድራሻ ይቅሩ። ስልክ የራስን አንድ፣ ኔትዎርክ በሚጠፋበት ገጠር ላለ ልጅ ደግሞ በከተማ የሚገኝ የአንድ ዘመድ ቁጥር ይጨመር፤ ዘመዱም እንዲያውቀው ይሁን። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታ በቅጽ ካልተጠየቀ አይጻፍም። ዲያቆን የሆነስ ማዕረጉን ይጻፍ ወይ? ተብዬ እጠየቃለሁ። በእኔ አስተያየት ማዕረጉን ሞገስ ለማግኘት መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ በማዕረጉ የሠራው ኃላፊነት፣ ማለትም ያስተማረው ወይም የያዘው መዝገብ ካለ ግን በሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ርዝመቱ አንድ ገጽ ይበቃል። ቋንቋውን በሚመለከት፣ በአማርኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ለሚጠይቅ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በማናቸውም ቢጻፍ ተማሪው ራሱ አንብቦ ሊያስረዳው የማይችለው ቃል አይግባበት።

በመጨረሻው መሥመር የምስክሮች ስም ይሰፍራል። ሁለት ይበቃሉ፤ አንዱ ያስተማረ መምህር፣ ሌላው ሥራን ያየ ሰው፣ ለምሳሌ የግብርና ባለሙያው ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቢሆን ጥሩ ነው። አስቀድሞ ማስፈቀድ የግድ ነው። ሳይነገራቸው ስልካቸው ተጽፎ፣ ሲደወልላቸው «ማን ናት?» ያሉ መምህራን ዐውቃለሁ፤ ክፍላቸው ሰማንያ ተማሪ ያለበት እንደ ሆነ አይፈረድባቸውም። ሲያስፈቅዱም የሲቪውን አንድ ቅጂ ትቶላቸው መምጣት ይጠቅማል። አባት፣ አጎትና የአክስት ልጅ ለምስክርነት አይሆኑም። የንስሐ አባታቸውን በምስክርነት የሚጽፉም አጋጥመውኛል፤ እባካችሁ ይህ ይቅር፤ የንስሐ አባት ስለ እኛ የሚያውቁት ለመሥሪያ ቤት የሚነገር አይደለም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁን ወዳጅ ዘመድ ባለበት መሥሪያ ቤት ለማስገባት መሯሯጥ ከፍቅር የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ዘመድ ያለበትን ክፍት ቦታ ማመልከትና ለማን እንደሚቀርብ መንገር ነውር የለበትም። ነገር ግን ያለ ወረቀት በዘመድ የገባ ተለማማጅ ብዙ ጊዜ ሥራ አይሰጠውም፤ የእገሌ ዘመድ ነው ተብሎ ወንበር ተሰጥቶት ሻይ ሲጠጣ ይከርማል። ወሩ ሲያልቅ የሚጽፈው መሥመር ሳያገኝ ይመለሳል።

ልጅቷ ወረቀቱን ጽፋ ስትጨርስ ዕለቱን አትላከው። አንድ ቀን አሳድራ፣ ለሚያነብ ታናሽ ወንድሟ ሰጥታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላት፤ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ መታረም ያለበት ነው። በኢሜይል የሚላክ ከሆነ ሰነዱ በራሷ ስም ይሰየም፤ በእጅ የሚሰጥ ከሆነ ለማን እንደ ሰጠችና በምን ቀን እንደ ሰጠች በደብተሯ ትጻፍ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በትሕትና ትጠይቅ። ተቀባይነት አግኝታ የገባች ዕለት ደግሞ አንድ ትንሽ ደብተር ትግዛ። በየቀኑ የሠራችውን፣ የለካችውን፣ ያየችውን በሁለትና በሦስት መሥመር ታስፍርበት። ልምምዱ ሊፈጸም አንድ ሳምንት ሲቀረው ይህን ደብተር ይዛ ወደ አለቃዋ ትቅረብና፣ የሚሰጣት የምስክር ደብዳቤ «መልካም ጠባይ ነበራት» ብሎ ብቻ እንዳያበቃ፣ የሠራችውንም እንዲዘረዝር ትጠይቅ። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት እጇ ሳይገባ ከግቢው አትውጣ፤ ከሄዱ በኋላ በስልክ የሚጠየቅ ደብዳቤ ዓመት ይፈጃልና። ቤቷም እንደ ገባች፣ ነገሩ ሳይረሳ፣ በሲቪዋ ላይ አዲሱን መሥመር ትጨምርበት።